የወደቀ መልእክት ሲነሣ

«ከመጋቢት 15 ቀን 2074 ዓ.ም. ጀምሮ በማዕከላችን ሁለተኛ ፎቅ፣ በመስኮት ቁጥር ሦስት ትይዩ፣ አንድ የባለጉዳይ ወንበር የተቀመጠ መሆኑን ለመላው ሠራተኞችና ለክቡራን ደንበኞቻችን በታላቅ አክብሮት እናስታውቃለን።»

ማስታወቂያው በደሴ የተመላሽ መልእክቶች ማዕከል ግድግዳ ላይ ሦስት ጊዜ በርቶ ሦስት ጊዜ ጠፋ። ከዚያ በድምፅ ተነበበ። ከዚያ ሠራተኞቹ ማንበባቸውንም መስማታቸውንም በአውራ ጣታቸው አረጋገጡ። ወንበሩ ቡናማ ነው፤ አንዱ እግሩ ትንሽ ያጥራል። ባለጉዳይ በእግሩ ወደ ማዕከሉ ከመጣ ስድስት ዓመት አልፏል። ነገር ግን አንድ ተቆጣጣሪ በቅጹ ላይ «የባለጉዳይ መቀመጫ፦ አለ ወይስ የለም» የሚል ጥያቄ አገኘና «የለም» ብሎ መጻፍ ጨነቀው። ስለዚህ ወንበር መጣ።

መስኮት ቁጥር ሦስት የጦይባ እንድሪስ ነው። እዚያ መሥራት ከጀመረች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ወንበሩን ስታየው «እንኳን ደኅና መጣህ» አለችውና ቦርሳዋን አስቀመጠችበት።

ሥራዋ ማንሣት ነው። መልእክት መንገድ ላይ ይወድቃል፤ ተቀባዩ አድራሻ ይቀይራል፣ ሣጥን ይሞላል፣ ስም ይሳሳታል። የወደቀው ወደ ማዕከሉ መጥቶ ተራ ይይዛል፤ ተራው ሲደርስ ጦይባ ታነሣዋለች። ሆዱን መክፈት ክልክል ነው። የምታየው ራስጌውን ብቻ ነው፦ ከማን፣ ለማን፣ መቼ። አሮጌውን ራስጌ ትሸፍንና አዲስ ትጭንበታለች፦ በማዕከሉ በኩል፣ አንሺ ደ-17፣ ቀን ዛሬ። ደ-17 እሷ ናት። ሕጉ አጭር ነው፤ መግቢያው ላይ በነሐስ ተጽፏል፦ «የወደቀ መልእክት ሲነሣ እንደ አዲስ ይቆጠራል።»

ማሽን ይህን ሁሉ በዓይን ቅጽበት ይጨርሰው ነበር። ዘግይቶ ለሚደርስ ነገር ግን ተጠያቂ ሰው መኖር አለበት ተብሎ ስለታመነ የሰው ጣት ተቀጠረ። በቀን ስድስት መቶ ታነሣለች። ማታ ቤቷ ስትገባ ጣቷን ሞቅ ባለ ውሃ ትነክረዋለች።

የከተማውም ሰው ከማዕከሉ ብዙ አይለይም፤ የሚተዋወቀው በራስጌ ነው። እድሮች ለቅሶ የደረሰና ያልደረሰውን በሟቹ የለቅሶ ሣጥን ከገቡት ራስጌዎች ቆጥረው ይመዘግባሉ። በአካል መሄድ አልተከለከለም፤ አይቆጠርም እንጂ። ሁሉም ሰው ቤት ደግሞ አድራሽ አለ። አድራሽ ማን እንደሞተ ያውቃል፣ የሚባለውን ይላል፣ ከዚያ ለባለቤቱ ይነግረዋል። ጦይባም አላት፤ የሆነ ዓመት ላይ «እስማማለሁ» የሚለውን ነክታ የረሳችው። ባለፈው ኅዳር አንድ ማለዳ ጥርሷን እየፋቀች ሳለ «የአቶ ኑርዬ ሙሄን ለቅሶ ደርሰዋል» አላት። አፏን ሳትጉመጠመጥ መልስ መጣ፦ «መልእክትሽ ልቤን ነካው። ዘነቡ።» ጦይባ ኑርዬ ማን እንደሆነ አታውቅም። ዘነቡንም አታውቅም። የሰው ልብ መንካቷ ግን ደስ አላት፤ ሥራም ገባች።

ወንበሩ በተቀመጠ በአሥራ አንደኛው ቀን ሰው ተቀመጠበት።

ቀና ስትል ከመስታወቱ ማዶ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ ያደረጉ ሽማግሌ አየች። ቦርሳዋን አቅፈውላታል። የወንበሩ እግር ስለሚያጥር ወደ ግራ ዘንበል ብለዋል፤ እሳቸው ግን ወንበሩን ላለማስቀየም ይመስል ዝም ብለዋል።

«እንደምን ዋልሽ፣ እታለም?»

«ደኅና፣ አልሐምዱሊላህ። ምን ልታዘዝ አባባ?»

«ደ-17 የሚባል ሰው እዚህ ቤት አለ ብለውኝ ነው።»

ቁጥሩ የጦይባ ደረት ላይ ራስ ሽንኩርት በሚያህል ፊደል ተጽፏል። ሽማግሌው ግን በግምት አገጯን ነበር የሚያዩት። ጦይባ መዳፏን ደረቷ ላይ አደረገች።

«ምን ፈልገውት ነው?»

«ላመሰግነው። መልእክቴ ወድቆ ሲቀር አንሥቶልኛል። ከአራት ወር ከስድስት ቀን በኋላ ቢሆንም አንሥቶልኛል፤ ሌላ ማንም አላነሣልኝም።» ኮፍያቸውን አዙረው ያዙት። «እግረ መንገዴን ደግሞ ቀኔን እንዲመልስልኝ ልለምነው ነበር።»

ከኪሳቸው ወረቀት አውጥተው በመስታወቱ ሥር አሾለኩላት። የላይ ሰፈር እድር ለአባሉ ለአቶ አበጋዝ ደምሴ የጻፈው ነው። አባሉ የጎረቤታቸውን የአቶ ኑርዬ ሙሄን ለቅሶ የደረሱት በ126ኛው ቀን ነው፤ ከአርባ ቀን በኋላ የደረሰ እንዳልደረሰ ይቆጠራል፤ ያልደረሰም ከመዝገብ ይሰረዛል። መከላከያ ካላቸው የሚመጣው ቅዳሜ በስምንት ሰዓት በአዳራሹ ይገኙ። ከታች በትንሹ፦ «የተሰረዘ አባል ሲሞት ቀባሪም ድንኳንም አይወጣለትም።»

ጦይባ «ኑርዬ ሙሄ» የሚለው ላይ ቆመች። የጥርስ ሳሙናው ጣዕም አፏ ውስጥ መጣባት።

«እኔም የላይ ሰፈር ነኝ» አለች።

«ከየት በኩል?»

«ከወፍጮው አለፍ ብሎ።»

«እህ፣ ጎረቤት ነን እኮ» አሉ ጋሽ አበጋዝ፣ በጣም ደስ ብሏቸው። «አንተዋወቅማ እንጂ። ኑርዬን ታውቂዋለሽ መቼም። ቆርቆሮ መቺው። በሰፈሩ እሱ ያልወጣበት ጣራ የለም።»

«ለቅሶ ደርሻለሁ» አለች ጦይባ። እውነቷን ነው፤ መዝገብ ላይ አለ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉ ጋሽ አበጋዝ፣ ሟቹ የራሳቸው ወንድም ይመስል። «እኔማ ሲነጋጋ ሰማሁና ጋቢዬን ለብሼ ሄድኩ። በመካከላችን ያለው ሦስት ቤት ነው። በሩን ባንኳኳው በሩ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹ስለመጡ እናመሰግናለን፤ እባክዎ መልእክትዎን ይላኩ› አለኝ። ስሜን ነገርኩት። ‹ስለመጡ እናመሰግናለን› አለኝ። ጓደኛው ነኝ አልኩት። ‹ስለመጡ እናመሰግናለን።› በሰማንያ አንድ ዓመቴ ከበር ጋር ተጣላ ልባል ነው? ተመለስኩና ጻፍኩ። ሣጥኑ ሞልቷል ብሎ መለሰልኝ። ከዚያ በኋላ የት እንደገባ አላውቅም።»

«አድራሽ የለዎትም?»

«አድራሽ ምን ያደርግልኛል? ኑርዬን የማውቀው እኔ።»

ጦይባ ወረቀቱን አጠፈችው። ዘረጋችው። ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ቀባሪ ማጣቱ አያሳስበኝም ብዬ አልዋሽሽም። ልጅ የለኝ፣ ዘመድ የለኝ። ግን ይህም ይቆይ። ዘነቡ፣ ሚስቱ፣ ስታየኝ መስኮቷን ትዘጋለች። ኑርዬ ሲሞት የቀረሁባት መስሏታል። አራት ወር ሙሉ ስትዘጋ እሰማለሁ፤ ማጠፊያው ይንጫጫል፣ ዘይት የሚቀባላት የለም። እና ደ-17ን ብታገኚው...»

«እኔ ነኝ» አለች ጦይባ። እጇን ከደረቷ ላይ አነሣች።

ጋሽ አበጋዝ ወደ ፊት ጎንበስ ብለው አዩ፤ አሁንም አገጯን።

«አንቺ ነሽ? ወንድ መስሎኝ እኮ ነው። ደ-17 የወንድ ስም ይመስላል።» ትንሽ አሰቡና «ጣትሽን አይመምሽ» አሉ።

አለቃዋ አቶ ልሳኑ ቢሯቸው ውስጥ ሻይ እያማሰሉ አዳመጧት። አሮጌው ራስጌ አልጠፋም አሉ፤ ከአዲሱ ሥር ተኝቷል። በአንቀጽ ዘጠኝ መሠረት መግለጥ ይቻላል። ነገር ግን የአንዱን ገልጦ የሌላውን መተው አድልዎ ስለሆነ፣ ከተገለጠ የሣጥኑ በሙሉ ይገለጣል። የእድሩ ዳኛም የሣጥኑ ባለቤትም መስማማት አለባቸው።

«እስካሁን ተገልጦ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ለምን?»

አቶ ልሳኑ ማማሰላቸውን ቀጠሉ። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል።

«እኔ እንጃ፣ ጦይባ። ባትጠይቂኝ ጥሩ ነበር። የጠየቀ ሰው ግን መብቱ ነው።» የፈቃዱ ወረቀት ላይ አውራ ጣታቸውን አሳረፉ፤ ከዚያ ጣታቸውን በመሀረብ ጠረጉ።

የእድሩን ዳኛ አቶ ምስጋናውን ለማሳመን ብዙ ተዘጋጅታ ነበር። አላስፈለገም።

«ይገለጥ!» አሉ አቶ ምስጋናው፣ ገና ሳትጨርስ። «ምን የምንደብቀው አለ? በኑርዬ ለቅሶ አራት መቶ አሥራ ሁለት አባል የደረሰው በስንት ደቂቃ እንደሆነ ታውቂያለሽ? በአራት ደቂቃ። በከተማው እንደኛ ፈጥኖ የሚደርስ እድር የለም። ግድግዳው ላይ በትልቁ ይውጣ። አቶ አበጋዝም አይተው ይማሩበት።»

የቀሩት የሣጥኑ ባለቤት እትዬ ዘነቡ ነበሩ። ጦይባ ከሥራ ስትወጣ ሄደች። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሰፈሩን ሸፍኖታል። በሩ «ስለመጡ እናመሰግናለን» አላት።

«ለለቅሶ አይደለም የመጣሁት» አለችው ጦይባ።

በሩ ለዚህ የተዘጋጀ መልስ አልነበረውም። ትንሽ ቆየና ተከፈተ።

እትዬ ዘነቡ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። የባላቸው መዶሻና መቀስ ግድግዳው ላይ በተራ ተሰቅሏል፤ አቧራ የለባቸውም። ጦይባ የመጣችበትን ነገረቻቸው።

«አበጋዝ ነው የላከሽ?»

«እኔ ነኝ የመጣሁት። መልእክታቸውን ያዘገየሁት እኔ ነኝ።»

«አንቺ አራት ወር አዘገየሽው እንበል። ጎረቤቴ አይደል? እግር የለውም?»

«መጥተው ነበር። በሩ መለሳቸው።»

እትዬ ዘነቡ በሩን አዩት።

«ሰው ሲቀር የሚለው አያጣም» አሉ በመጨረሻ። «ኑርዬ ታሞ ተኝቶ እንኳ ‹አበጋዝ አለልሽ› ሲለኝ ነበር። የታለ? ይገለጥ። በስንት ሰዓት እንዳልመጣ በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ።» እስከ በሩ ሸኟት። «የማን ልጅ ነሽ?»

«የእንድሪስ። ከወፍጮው አለፍ ብሎ።»

«ለቅሶ ደርሰሽኛል?»

«ደርሻለሁ።»

«አዎ፣ አስታውሳለሁ» አሉ እትዬ ዘነቡ። «ልቤን ነካው።»

ጦይባ ቀና ብላ ልታያቸው አልቻለችም። እሳቸውም ወደ መዶሻዎቹ ዞረው ነበር።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። የእድሩ ደንብ በአካል መገኘትን የሚያስገድደው ሰው በሚሰረዝበት ቀን ብቻ ነው፤ ምልዓተ ጉባኤ ያስፈልጋል። ስለዚህ አባላቱ የሚተያዩት እንዲህ ባለው ቀን ነው። ይሳሳማሉ፣ «ጠፋህ» ይባባላሉ፣ ማን እንደወፈረ ያያሉ። በየመደዳው «ባለፈው የላክኩልህ ደረሰህ?» ይላሉ። «ደርሶኛል፣ ምን የመሰለ ቃል ነው!» ይላሉ። ደስ የሚል ስብሰባ ነበር።

ጋሽ አበጋዝ ከፊት ለብቻቸው ተቀምጠዋል፤ ጋቢያቸው የታጠበ ነው። እትዬ ዘነቡ ከመተላለፊያው ማዶ ናቸው። በመካከላቸው ሦስት ወንበር ባዶ ነው።

አቶ ምስጋናው ክሱን አነበቡ። ጸሐፊው ጣቱን ከሰሌዳው በላይ አንሥቶ ይጠብቃል። «አባሉ የሚሉት አለ?» ሲባል ጋሽ አበጋዝ ተነሡ።

«ያው ለልጅቷ ነግሬያታለሁ» አሉና ተቀመጡ።

ጦይባ ቆመች። «እኔ ደ-17 ነኝ» አለች፤ ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። «የእሳቸውን መልእክት አንሥቼ ያነሣሁበትን ቀን የጫንኩበት እኔ ነኝ። ሕጉ ነው ያዘዘኝ። ግን የጻፉት ያን ዕለት መሆኑን አሮጌው ራስጌ ያሳያል። አንቀጽ ዘጠኝን ጠይቄያለሁ።»

«እኛም በደስታ ፈቅደናል» አሉ አቶ ምስጋናው። «የሁሉም ይገለጥ። የሌላው አባል በአራት ደቂቃ መድረሱን፣ የእሳቸውን ደግሞ አብረን እንይ።»

ጦይባ አውራ ጣቷን ሰሌዳው ላይ አሳረፈች።

ግድግዳው በራ። ከላይ፦ «ኑርዬ ሙሄ። ያረፉት ኅዳር 4 ቀን 2074፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት።» ከሥሩ ስሞቹ ወረዱ፤ አራት መቶ አሥራ ሁለት፣ ሁሉም ኅዳር 4፣ ሁሉም ከአሥራ ሁለት ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአራት ደቂቃ። አቶ ምስጋናው እጃቸውን ወደ ግድግዳው ዘረጉ፤ አዳራሹ አጨበጨበ።

ጭብጨባው ሳያልቅ ከእያንዳንዱ ስም ሥር ሁለተኛ መስመር ወጣ።

የመጀመሪያው የአቶ ምስጋናው ነበር፦ «መጀመሪያ የተላከበት ቀን፦ ጥቅምት 7 ቀን 2068። ሳይደርስ የተመለሰው፦ 2,218 ጊዜ።»

ከሱ ሥር የጸሐፊው፦ ጥቅምት 7 ቀን 2068። 2,218 ጊዜ። ከሱ ሥር የሌላው። ከሱ ሥር የሌላው።

ያጨበጨቡት እጆች አንድ በአንድ ወደ ጭን ተመለሱ። ጦይባ ከሁሉ ቀድማ ገባት፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ራስጌ ነው ያነበበችው። የለቅሶ ሣጥን የሚከፈተው ሰው ሲሞት ነው። አድራሽ ግን ሰው እስኪሞት አይጠብቅም። ገና ከተገጠመበት ቀን ጀምሮ ለእያንዳንዱ የእድሩ አባል «እግዜር ያጥናችሁ» ይልካል። ሰውየው ስላልሞተ ሣጥን የለም፤ መልእክቱ ይወድቃል። አድራሹ የማዕከሉን ተራ ሳይጠብቅ በማግሥቱ ራሱ አንሥቶ አዲስ ቀን ይጭንበትና እንደገና ይልካል። በማግሥቱም። አንድ ቀን ሰውየው ይሞታል፤ ያን ዕለት የተላከው ይደርሳል። ጋሽ አበጋዝን ያዘገያቸው ያው የነሐሱ ሕግ፣ የቀረውን ሰው ሁሉ በሰዓቱ አድርሶታል።

«በሰባ እኮ ጣራዬን ሠርቶልኛል» አለ ከኋላ አንድ ወፍራም ሰው፣ ለማንም ሳይሆን። «ሁለት ቀን ነው የፈጀበት። ምሳ አብረን በላን።» በነዚያ ሁለት ቀናትም አድራሹ ሁለት ጊዜ የለቅሶ መልእክት ልኮለት ነበር።

ጦይባ ስሟን ፈለገች። ላለማየት ትችል ነበር። ጥቅምት 9 ቀን 2068፤ 2,216 ጊዜ። ኑርዬ በየጣራው ላይ ሲወጣና ሲወርድ፣ እሷ በየማለዳው ጥርሷን እየፋቀች ስታለቅስለት ኖራለች።

አቶ ምስጋናው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይህ... የአሠራር ጉዳይ ነው» አሉ። ከአራት መቶ ሰው መካከል አንድም ሰው ጎረቤቱን አያይም፤ ሁሉም ቀጥ ብሎ ግድግዳውን ያያል፤ ግድግዳውም ዝም ብሎ ይወርዳል። አንድ ሴት በጣቶቿ የሆነ ነገር ስትቆጥር ቆይታ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተችው። እሷ ጤነኛ ናት፤ ባሏም ጤነኛ ነው። ዛሬም ጠዋት ስንት ሰው እንደላከላቸው ነበር የምትቆጥረው።

«የእኔም እዚያው ነው» አሉ እትዬ ዘነቡ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። «ምስጋናዬ። ልቤን ነካው ያልኩት። ኑርዬ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ነው ‹እስማማለሁ› የሚለውን የነካሁት። ሁለታችንም ሳቅን። አትፈልጉት።»

ግድግዳው መጨረሻው ላይ ደረሰና ቆመ። የመጨረሻው ስም ብቻውን ነው። «አበጋዝ ደምሴ። መጀመሪያ የተላከበት፦ ኅዳር 4 ቀን 2074፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሃያ። ሳይደርስ የተመለሰው፦ 1 ጊዜ። ምክንያት፦ ሣጥኑ ሞልቷል።»

ጸሐፊው ጣቱ አሁንም አየር ላይ ነው። «ውሳኔው ምን ተብሎ ይጻፍ?» ሲል ጠየቀ። ልማድ ሆኖበት ነው።

አቶ ምስጋናው ወንበራቸውን ይዘው ቆመዋል።

ጋሽ አበጋዝ ዓይናቸውን አጥብበው ወደ ግድግዳው ተንጠራሩ። ከቦታቸው ሆነው የሚታያቸው ብርሃን ብቻ ነው። ሕዝቡ ለምን ጸጥ እንዳለ አልገባቸውም፤ መሰረዛቸው የተነበበ መስሏቸዋል። ወደ ግራ ዞሩ፣ ወደ ቀኝ ዞሩ።

«ምን ይላል?» አሉ። «እባካችሁ፣ ዓይኔ አያይልኝም። ምን ይላል?»

ማንም ሊያነብላቸው አልደፈረም።

እትዬ ዘነቡ ተነሡ። ሦስቱን ባዶ ወንበር አልፈው መጡና ከጎናቸው ተቀመጡ፤ ነጠላቸውን እንደ ለቅሶ ቤት ወደ ራሳቸው ሳቡ።

«ያንተ ብቻ ነው የመጣው፣ ይላል» አሏቸው።